የጋሽ ይመር የጭቃ ቢስክሌት

ጋሽ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ ነው። የነገረኝ ድሮ በፋብሪካ አብሮን ይሠራ የነበረ የክር ክፍል ሰው ነው። ወረፋው አልሄድ ስላለ ወሬ ለመጨመር ያህል እንጂ አስቦበትም አልነበረም።

«ጋሽ ይመር እኮ አረፉ» አለኝ።

«የትኛው ይመር?» አልኩት። የትኛው እንደሆነ ግን አላጣሁትም።

«ባለቢስክሌቱ ነዋ!»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ታክሲው መጣ፣ ተጋፍቼ ገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ከእንግዲህ እሳቸውን ከሩቅ ሳይ መንገድ መቀየር የለብኝም። ስንት ዓመት ስቀይር ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ጳውሎስ ጋ ፊት ለፊት ሲመጡብኝ ፋርማሲ ገብቼ የማልፈልገውን መድኃኒት ዋጋ ጠይቄያለሁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። በእኔና በጋሽ ይመር መካከል የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ እሳቸው የረሱት ይመስሉ ነበር፣ ያልረሳሁት እኔ ነኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የሽመና ፋብሪካ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጋሽ ይመር ደግሞ የሽመና መኪናዎቹ ሲበላሹ የሚጠግኑ ባለሙያ። የወሎ ሰው ናቸው። ዘመዶቻቸው በሙሉ ጳውሎስ አካባቢ ሱቅ ነበራቸው፤ ከነጋዴ ዘር ወጥተው ቅባት የነካው ቱታ የለበሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ለምን አትነግድም?» ሲሏቸው «እኔ የተበላሸ ነገር ካላገኘሁ ቀኑ አይመሽልኝም» ይሉ ነበር። አጠር ያሉ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲስቁ ጥርሳቸው የሚያምር ሰው ነበሩ። ሲያስቡ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው ይጎትታሉ። መኪና ቆሞ ሠራተኛው ሲንጫጫ እሳቸው ጆሯቸውን እየጎተቱ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ «አብሽሩ፣ ክር ጉሮሮዋን አንቋት ነው» ብለው በርከክ ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ትክክል ነበሩ። ሲሳሳቱም መኪናዋን ይቅርታ ይጠይቋታል።

ሰው ግን የሚያውቃቸው በሙያቸው ሳይሆን በቢስክሌታቸው ነው።

ቢስክሌቷን የሰጣቸው ፋብሪካው ከመወረሱ በፊት ዋና መካኒክ የነበረ ጣሊያናዊ ነው። አገሩ ሲገባ ጥሎላቸው ሄደ። ከሩቅ የእሽቅድድም ቢስክሌት ትመስላለች፤ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ብረቷ ቀጭን፣ ክብደቷ ቀላል። ቀርቦ ላያት ግን ሌላ ናት። ጎማዋ ጥርስ አለው። ፍሬኗ ከጎማው ራቅ ብሎ ስለተገጠመ ጭቃ አይወተፍበትም። ሌሎቹ ቢስክሌቶች ጎማቸው ላይ ያለው የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ እሷ ዘንድ ጨርሶ የለም። በጣሊያኑ አገር በክረምት ማሳ ለማሳ፣ ጭቃ ለጭቃ የሚሽቀዳደሙባት ዓይነት ናት አሉ። ጣሊያኑ ካስተማራቸው ነገር ሁሉ ትልቁ ደግሞ መንዳቱ አልነበረም። «መንዳት በማትችልበት ቦታ አትግፋት፤ ወርደህ ተሸከማትና ሩጥ» ነበር ያላቸው።

ጋሽ ይመር ይህን ቃል እንደ አደራ ያዙት። ቤታቸው ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነበር። ከዚያ እስከ ፋብሪካው ሁለት ወንዝ፣ ገደል የሚያክል ቁልቁለትና ከሰኔ እስከ መስከረም ጉልበት ድረስ የሚውጥ ጭቃ አለ። አውቶቡስ እዚያ አይወጣም። ጠዋት ቁልቁለቱን እየበረሩ ይወርዳሉ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ዝቅ ብለው ቢስክሌቷን በቀኝ ትከሻቸው ያነግቷትና ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ይሻገራሉ። ሲመለሱም ዳገቱን ግማሹን ነድተው ግማሹን ተሸክመዋት ይወጡታል። ሌላው ሰው ቢስክሌት የሚይዘው ለሜዳ ነው፤ እሳቸው ግን በየቀኑ፣ ሥራ ለመግባት፣ እንደዚያ ነበር የሚሄዱት።

«ይመር፣ ዛሬ ተራው የማን ነው?» ይሏቸዋል የፋብሪካው ዘበኞች፣ ሊሸከሟት ጎንበስ ሲሉ።

«ስመጣ እሷ ተሸክማኝ መጣች፤ ስመለስ ተራው የኔ ነው። ትዳር ማለት ይኸው አይደል እንዴ!»

አንድ የሐምሌ ጠዋት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወርደን እንድንገፋ ታዘዝን። እኔ አዲስ ጫማ አድርጌ ነበርና ዳር ዳሩን ስልከሰከስ ጋሽ ይመር ከላይ መጡ። ሱሪያቸውን በልብስ መቆንጠጫ ይዘውታል። ወረዱ፣ ቢስክሌቷን አንግተው በአውቶቡሱ ጎን በሩጫ አለፉና ዞር ብለው «ጸሐፊው! ጫማህን አውልቅ እንጂ፤ ጭቃ የሚወደው ጫማ ነው!» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ፋብሪካ ስደርስ ሁለት የሽመና መኪና አስነሥተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሳቸው ስሜ ጸሐፊው ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልግባ።

ቤንዚን በኩፖን የሆነበት ዓመት ነበር። የፋብሪካው የጭነት መኪና ሳይቀር ቆሞ ይውላል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ገዛኸኝ ይባል ነበር፤ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ኪሱ ላይ የሚሰካ ሰው። አንድ ቀን ጠራኝ።

«ስለ ነዳጅ ቁጠባ አንድ ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣው አምጣ» አለኝ። «ከሠራተኛው መካከል አርአያ የሚሆን ሰው ፈልግና ጻፍ።»

የግድግዳ ጋዜጣው በሩ አጠገብ የተሰቀለ ሰሌዳ ነበር። ማንም አያነበውም፤ ማንም አያነበውም ብሎ መናገር ግን አይቻልም። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ጽሑፌን አንድ ሰው ቆሞ ቢያነብልኝ ከደመወዝ ጭማሪ ይበልጥብኝ ነበር። ስለ ጋሽ ይመር ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። ሦስት ቀን ለፋሁበት። «ጓድ ይመር ያለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ጋራ ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ በሰዓቱ ከማምረቻ መሣሪያቸው ፊት ይገኛሉ» ብዬ ጀመርኩ። ያን ክረምት ከቢስክሌቷ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ብርድ ልብስ በገመድ ታስሮ ይታይ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የጽሑፉ መዝጊያ ቢከሽንልኝ ብዬ «ይህቺ ብርድ ልብስ እንኳ የፋብሪካው መሣሪያ እንዳይጋጭ ለመጠቅለያ የተዘጋጀች ናት» የምትል ከራሴ ጨመርኩ።

ጋሽ ይመር ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ቁጥር ያነባሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ «አንተው አንብበው» ይላሉ። ሰሌዳው ፊት ቆመን አነበብኩላቸው። ብርድ ልብሷ ጋ ስደርስ ጆሯቸውን ያዙ።

«አሳምረኸዋል» አሉኝ። «ግን ጸሐፊው፣ ሰው ዝም ብሎ ቢኖር አይሻልም?»

ትሕትና መሰለኝ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ገዛኸኝ ተነሥቶ ፋብሪካው ለአብዮት በዓል በሚያሳየው ዓውደ ርዕይ ላይ የጓድ ይመር ቢስክሌት የነዳጅ ቁጠባ አርአያ ሆና እንድትቀርብ መወሰኑን አበሠረ። ጭብጨባው ሲበርድ ጋሽ ይመር ከኋላ ተነሡ።

«ለስንት ቀን ነው?»

«እስከ በዓሉ ብቻ ነው፣ ጓድ ይመር።»

«በዓሉ እኮ መስከረም ነው። ገና ሐምሌ አላለቀም።»

«ዝግጅት አለ እንጂ!» አለ ሊቀመንበሩ። እንደገና ተጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጋሽ ይመር ተቀመጡ።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ቢስክሌቷ ቀይ ቀለም ተቀባች። ከወለሉ እንዳትነቃነቅ ከብረት መቆሚያ ጋር በየዷት። ካቴናዋ ሳይቀር ቀላ። ጋሽ ይመር በምሳ ሰዓት መጥተው ከፊቷ ቆሙና ፔዳሏን በእጃቸው ገፋ አደረጉት፤ አልዞረም። ቀለሙ አጣብቆታል። እኔ አጠገባቸው ሆኜ «ኮራሁብዎ፣ ጋሽ ይመር» አልኳቸው። ያን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይመር ማርፈድ ጀመሩ። ለስንት ዓመት አንድም ቀን ያላረፈዱ ሰው አንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዴ ግማሽ ቀን ቆይተው፣ እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ይመጣሉ። ምን ሆነው ነው ሲባሉ «መንገዱ ነው» ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ቀን ጨርሶ ቀሩ። ጓድ ገዛኸኝ ተቆጣ። ፎቶግራፋቸው ከቢስክሌቷ በላይ ተሰቅሏል፤ አርአያው ከሥራ ቀረ ሊባል ነው።

«ኩራት ይዞት እንደሆነ ቤቱ ድረስ ሂድና አጣራ» አለኝ።

ከምሳ በኋላ በዝናብ ወጣሁ። እሳቸው በየቀኑ የሚመላለሱበትን መንገድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። ሁለተኛውን ወንዝ ስሻገር ውኃው አንድ ጫማዬን ወሰደብኝ። ቤታቸው ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ደጃፉ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ይመር በርከክ ብለው እግራቸውን ከጭቃ ያጥቧቸዋል። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ጋሽ ይመር እንደ ሌባ ደነገጡ።

«ጸሐፊው የሚልህ አንተን ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ሲያወራልህ ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር።» ፊታቸው ከስቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል።

«ጉንፋን ይዟት ነው» አሉ ጋሽ ይመር ቶሎ ብለው።

«ተው ይመር፤ ልጁ ይህን ሁሉ ጭቃ ወጥቶ በውሸት አንሸኘው። ሳንባዬን ነው ያመመኝ።»

ቃሉን ስሰማ ሳላስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። እትዬ ዘሃራ አይተውኛል፤ ግን ያላዩ መሰሉ። ነገሩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጳውሎስ አካባቢ ካለ ጤና ጣቢያ ስልሳ ቀን ሳያቋርጡ መርፌ መወጋት አለባቸው። ቢስክሌቷ ሳትወሰድ ጋሽ ይመር በየማለዳው በዚያች ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠዋቸው ይወርዱ ነበር። ወንዝ ሲሆን መጀመሪያ እሳቸውን አዝለው ያሻግራሉ፤ ተመልሰው ቢስክሌቷን። ከተወጉ በኋላ እትዬ ዘሃራ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ይቆያሉ፤ ጋሽ ይመር ሥራ ውለው ሲመለሱ ደግሞ ይዘዋቸው ይወጣሉ።

«ቁልቁለቱን ሲወርድ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሉኝ። «በሽታው ሳይገለኝ ይመር ይገለኛል እላለሁ።» ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ሁላችንም ጠበቅን። «ቢስክሌቷ ከሄደች ወዲህ የኪራይ ሞከርን። ጭቃው በቆርቆሮዋ ውስጥ ተጠቅጥቆ ጎማዋ አልዞር አለና ሁለታችንም ወንዝ ገባን። አሁን በጀርባው ነው። ዛሬ ግማሽ መንገድ ስንደርስ ራሴን ስቼ መለሰኝ። ሠላሳ ሁለት ተወግቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ብቻ። ነርሷ ‹እንዲህ ከሆነማ ከአንድ ብለሽ ትጀምሪያለሽ› አለችኝ።»

«ጳውሎስ ዘመዶች አሏችሁ አይደል? እዚያ ቢያርፉስ?» አልኩ።

«ነጋዴዎች ናቸው እኮ፣ ልጄ። ሳንባ ካለበት ቤት ማን ስኳር ይገዛል?»

ከዚያ ወደ ጓዳ አመለከቱና ጋሽ ይመር የተቀቀለ እሸት በቆሎ አመጡልኝ። «ሻይ አላፈላልህም፤ በኛ ስኒ እንድትጠጣ አልፈልግም» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ይህ ግን በሽፋኑ ነው የተቀቀለው። ውስጡን እጄ አልነካውም። አንተው ላጠው።» ላጥኩት፣ በላሁት። ያቺ ሴት የራሷን ሞት ሳትፈራ ለእኔ በቆሎ ስትጠነቀቅ አየሁ።

ጋሽ ይመር እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኙኝ። ለአንዱ ባዶ እግሬ የራሳቸውን አሮጌ ጫማ አድርገውልኛል።

«እኔ አላወቅኩም፣ ጋሽ ይመር። ባውቅ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።»

«በምን ታውቃለህ? ሰወርኩብህ እኮ። አንተ ምንም አላጠፋህም» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን አለኝ። ያየኸውን እዚሁ ትተኸው ውረድ። ፋብሪካው ከሰማ ያስወጣኛል። ጎረቤት ከሰማ ደግሞ እሷን ከሰው በታች ያደርጋታል። ማልልኝ።»

«እንጦጦ ማርያምን አልናገርም!» አልኩ። «ታዲያ ለጓድ ገዛኸኝ ምን ልበለው?»

«ጭቃ ነው በለው።»

ስወርድ መላ ስመታ መጣሁ። መሐላ ቢፈርስ ንስሐ አለው፤ ሰው ከሞተ መመለሻ የለውም፤ ሊቀመንበሩም ሰው ነው፤ የታመመች ሴት ናት ካልኩት ያን ብየዳ ራሱ ይነቅለዋል። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ዛሬ ሳስበው ሌላም ነገር ነበረበት፤ በእጄ ያበላሸሁትን በእጄ ላስተካክል፣ ጀግና ልባል ቸኩዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ገብቼ ነገርኩት።

«ሳንባ?» አለ ጓድ ገዛኸኝ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፋው። መሐረብ አውጥቶ አፉ ላይ አደረገ። «ይህን ሰውዬ ነው አርአያ ብለን የሰቀልነው? ስንት ሠራተኛ ጋር በአንድ ስኒ ሻይ ሲጠጣ ኖሯል!»

«የታመሙት ባለቤታቸው ናቸው። ቢስክሌቷን ብቻ ብንመልስላቸው...»

«ቢስክሌቷማ ትናንት ከሰዓት ወደ ከፍተኛው ሄዳለች» አለኝ። ከፍተኛ የሚባለው ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። «ወሬዋን ሰምተው እነሱም ሊያሳዩዋት ፈለጉ። እንዴት እምቢ ይባላል?»

እኔ በቆሎ ስበላ ነበር ማለት ነው የተወሰደችው።

በዚያው ቀን ጋሽ ይመር ራጅ ተነሥተው ንጹሕ ናቸው የሚል ወረቀት እስኪያመጡ ወደ ግቢ እንዳይገቡ ታገዱ። ደመወዛቸው ቆመ። የሻይ ክበቡ ሴት ስኒያቸውን ለይታ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ ማንም እንዳይነካው እንደጣለችው ሰማሁ። የራጁ ወረፋ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የሚገርመው፣ ከዚያ ክረምት ለእትዬ ዘሃራ የተመቻቸው እነዚያ የእገዳ ቀናት ናቸው፤ ጋሽ ይመር ሥራ ስለሌላቸው ቀኑን ሙሉ እያሳረፉ በጀርባቸው ያመላልሷቸው ነበር። ደመወዝ በሌለበት ቤት ግን በሽተኛ ምን ይበላል? መወጋቱ ቀጠለ፣ ሰውነታቸው አለቀ።

ወረቀቱን ይዘው የመጡ ቀን በቀጥታ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«ንጹሕ ነው ይላል አሉ፤ አንብበው» አሉኝ። አነበብኩ። ይላል።

«ጋሽ ይመር፣ እኔ...»

«ማርያም ትቀየምብሃለች ብዬ ፈራሁልህ እንጂ እኔስ አልተቀየምኩም» አሉኝ። ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ መኪናዎቻቸው ወረዱ። ቢሰድቡኝ ምንኛ በተሻለኝ። ሰው የሚሰድበው ተስፋ ያልቆረጠበትን ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለኝ ሙያ መጻፍ ብቻ ስለሆነ ጻፍኩ። በየሳምንቱ አንድ ማመልከቻ። ከፍተኛው ቢስክሌቷን ወደ ሌላ ከፍተኛ ልኳታል፤ እዚያ ስሄድ ወደ ከተማው ዓውደ ርዕይ ተሸኝታለች። አንድ ቀን አገኘኋት። በቀይ ገመድ ተከልላ፣ ከበላይዋ «የሰፊው ሕዝብ መጓጓዣ» የሚል ተጽፏል። ገመዱን አልፌ መቀመጫዋን ልነካ ስል ዘበኛው «አትንካ ጓድ፣ የሕዝብ ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ብርድ ልብሷ እዚያው ላይ ታስራ ነበር። ከሥሯ ባለው ወረቀት ላይ የኔው ዐረፍተ ነገር በታይፕ ተመትቶ ይነበባል፤ የፋብሪካው መሣሪያ መጠቅለያ ናት ይላል።

መስከረም ዝናቡ ቆመ። መንገዱ ሲደርቅ ነገር ሁሉ ይቀላል ብዬ ነበር። እትዬ ዘሃራ ግን በጀርባ መታዘልም አቃታቸው። ጥቅምት ሲገባ አረፉ። ለቀብር ስሄድ ከፋብሪካው ሰው አራት ብቻ ነበርን። የቀሩት የፈሩት ደርግን ሳይሆን የበሽታውን ቤት ነው። ጋሽ ይመር እያንዳንዳችንን «አላህ ይስጥልኝ» እያሉ አመሰገኑ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ደግሞ «አንድ ጫማህ እኛ ቤት ነው፤ ወንዙ ዳር አግኝቼ አድርቄዋለሁ» አሉኝ። በሚቀጥለው ጠዋት በሰዓታቸው፣ በእግራቸው፣ ሥራ ገቡ።

ኅዳር ውስጥ ለማመልከቻዎቼ መልስ መጣ። «ባለንብረቱ ቀርበው ቢስክሌታቸውን እንዲረከቡ» ይላል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ይዤው ወደ ሽመናው ክፍል ሮጥኩ። በመኪናዎቹ ጩኸት መሀል ጆሯቸው ላይ አነበብኩላቸው። ጎንበስ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ብዙ ደክመሃል፣ ጸሐፊው» አሉኝ። «ለአንድ ለራሴማ እግሬ ይበቃኛል። ቢስክሌቷን ለማን ብዬ አመጣለሁ?»

ይህንኑ ለጓድ ገዛኸኝ ነገርኩት። «አልፈልግም ማለት አይቻልም፤ ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል» አለ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ትንሽ አሰበ። «እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ ‹ጓድ ይመር ቢስክሌታቸውን ለአብዮታዊት እናት አገራቸው በደስታና በገዛ ፈቃዳቸው አበርክተዋል።› ከዚያ አስፈርመው።»

እምቢ አላልኩም። እምቢ ያሉ ሰዎች የት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ያ አንድ ምክንያት ነው። እውነቱ ግን ማንም ሳያስፈራራኝ በራሴ ታይፑ ፊት መቀመጤ ነው። በሁለት ቅጂ በታይፕ መታሁት። «በደስታ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ አልቆመም፤ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደስ ብሎኝ እጽፈው ነበር።

ጋሽ ይመር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቢሮ መጡ። ወረቀቱን አየት አደረጉና ወደ እኔ መለሱት።

«ምን ይላል?»

«ቢስክሌቷን እንደማይፈልጓት ይላል» አልኳቸው።

«እሱማ እውነት ነው» አሉ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ትልልቅ ፊደል ስማቸውን ቀስ እያሉ ጻፉ።